የበሰለና መልካም የሾላና የበለስ ፍሬ ስለ መለየት

«ሾላ በድፍን» የሚለው አነጋገር በአገሩ የታወቀ ነው። አንድ ነገር ውስጡ ሳይመረመርና ሳይገለጥ በጅምላ ሲታለፍ «ሾላ በድፍን ሆነ» ይባላል። አነጋገሩም ከፍሬው ጠባይ የተወሰደ ነው፤ ሾላ ከውጭ ሲያዩት ቀልቶና ወዝቶ ዓይን የሚማርክ ሲሆን፣ ሲከፍቱት ግን ብዙ ጊዜ ውስጡ በጥቃቅን ነፍሳት ተሞልቶ ይገኛልና። ነገር ግን አነጋገሩን የሚያውቅ ሰው ብዙ ሲሆን፣ ፍሬውን ዳስሶና ከፍቶ ብስሉን ከእንጭጩ ለይቶ የሚለቅም ሰው ጥቂት ነው። ደኅናውና የተበላሸው ባንድ ቅርጫት ተደባልቆ ለገበያ ሲቀርብ ገዢው አንድ ጊዜ ቀምሶ ይተወዋል፤ ፍሬውም ዋጋ ያጣል፤ ፍሬው ዋጋ ያጣበት ዛፍ ደግሞ «መሬት ይዞ ቆሟል» ይባልና ለምሳር ይሰጣል። የፍሬ አመራረጥ የልጆችና የእረኞች ጨዋታ መስሎ የሚታያቸው የወረዳ ሹማምንትና ባለ መሬቶች ነገሩን ጠልቀው ቢመለከቱት፣ የዛፉ ዕድሜ ከዚህ ጋር የተያያዘ መሆኑን ያገኙታል።

አስቀድሞ ስሙን መለየት ያስፈልጋል። ሾላ፣ ዋርካና በለስ የአንድ ወገን ዛፎች ናቸው፤ የዕፅዋት ሊቃውንት ሁሉንም «ፊኩስ» በሚል አንድ ስም ይጠሯቸዋል። ሁሉም ሲቆረጡ ነጭ ወተት ያፈስሳሉ፤ አበባቸውም በውጭ አይታይም። ሾላ የሚባለው ራሱ ከአንድ ዓይነት በላይ ነው፤ አንደኛው በአንዳንድ ስፍራ ባምባ ይባላል። እነዚህ ፍሬያቸውን ከግንዱና ከወፋፍራሙ ቅርንጫፍ ላይ በዘለላ ያወጣሉ። ዋርካ ግን ፍሬው አነስ ያለ ነው፣ የሚወጣውም ከቅጠሉ ሥር ነው፤ ሰው የሚያከብረውም ስለ ፍሬው ሳይሆን ስለ ጥላው ነው፤ ሸንጎና ገበያ ከሥሩ ይውላልና። በለስ ደግሞ በቅዱሳት መጻሕፍት የምትታወቀው፣ ቅጠሏ እንደ እጅ ጣት የተከፋፈለ፣ ቁመቷ ከሾላ እጅግ ያነሰ፣ በጓሮ ተተክላ የምትለማው ናት። በትግራይ በለስ የሚባለው ግን ከአሜሪካ ምድር የመጣው እሾኻሙ ቁልቋል ስለ ሆነ፣ ከጎጃም ሆኖ «የበለስ ተክል ይላክልን» ብሎ ደብዳቤ የሚጽፍ ሹም የትኛውን እንደሚፈልግ ካልገለጠ ቁልቋል ተጭኖ ቢደርሰው ላኪውን ሊወቅስ አይችልም።

የፍኖተ ሰላም ከተማ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1,900 ሜትር፣ ቡሬ ደግሞ ወደ 2,100 ሜትር ከፍታ ላይ ይገኛሉ። ከቡሬ ወደ ነቀምት የሚወስደው መንገድ እየወረደ ሄዶ ዓባይ በረሓ ይገባል። ሾላ በወይና ደጋውም በቆላውም ይበቅላል፤ ይልቁንም የወንዝ ዳር ይስማማዋል። ስለ መብሰያው ጊዜ ሲጠየቅ ብዙ ሰው የወር ስም ይጠራል፤ ይህ ግን አያስኬድም። እያንዳንዱ የሾላ ዛፍ በገዛ ራሱ ጊዜ ያፈራል፤ በዓመትም ከአንድ ጊዜ በላይ ሊያፈራ ይችላል። በአንዱ ዛፍ ላይ ያለው ፍሬ ተቀራርቦ ሲበስል፣ ከእርሱ ጥቂት ርቆ የቆመው ገና እንጭጭ ይዞ ይገኛል። ስለዚህ «ሾላ በዚህ ቀን ይለቀም» ተብሎ ከጽሕፈት ቤት የሚወጣ ትእዛዝ ከንቱ ነው፤ ሄዶ ዛፉን ማየት ብቻ ነው የሚያዋጣው።

ሾላው ውስጥ ነፍሳት ለምን እንደሚገኙ ያላወቀ ሰው ብስሉን ከእንጭጩ መለየት አይሆንለትም። ፍሬ የሚመስለን ነገር በእውነቱ ወደ ውስጥ የተገለበጠ የአበባ ከረጢት ነው። ብዙ መቶ ጥቃቅን አበቦች በከረጢቱ ውስጥ ተደርድረዋል፤ ወደ እነርሱም የምታደርሰው በጫፉ ላይ ያለችው፣ ዓይን የምትባለው ጠባብ ቀዳዳ ናት። ፍሬው ገና ጥሬ ሳለ ከትንኝ የማትበልጥ አንዲት ሴት ተርብ በዚህች ዓይን ትገባለች፤ መተላለፊያው እጅግ ጠባብ ከመሆኑ የተነሣ ስትገባ ክንፏ ይቆረጣል፤ ተመልሳም አትወጣም። ከሌላ ዛፍ ይዛው የመጣችውን የአበባ ዱቄት በአበቦቹ ላይ ታራግፋለች፤ በአንዳንዶቹም ውስጥ ዕንቁላሏን ጥላ በዚያው ትሞታለች። ከሳምንታት በኋላ ልጆቿ ይፈለፈላሉ። ወንዶቹ ክንፍ የላቸውም፤ ሥራቸው ከሴቶቹ ጋር ተገናኝተው የፍሬውን ግድግዳ መሸንቆርና መውጫ መክፈት ነው፤ ይህን ፈጽመው ይሞታሉ። ሴቶቹ ዱቄቱን ተሸክመው በተከፈተላቸው መውጫ ይበርራሉ። ዕድሜያቸው አንድ ወይም ሁለት ቀን ብቻ ስለ ሆነ፣ በዚያ ጊዜ ውስጥ ጥሬ ፍሬ የያዘ ሌላ የሾላ ዛፍ ማግኘት አለባቸው። ሾላውም የሚለሰልሰውና የሚጣፍጠው እነርሱ ከወጡ በኋላ ነው።

እንግዲህ በሕያዋን ተርቦች የተሞላ ሾላ የተበላሸ ሳይሆን ቀኑ ያልደረሰ ሾላ ነው። ጥቂት ቀን ቢታገሡት ኖሮ ሴቶቹ ወጥተው ይጨርሱ ነበር። «የዚህ ዛፍ ፍሬ ትላም ነው» ተብሎ የሚነቀፈው ሾላ ሁሉ የዛፉ ጥፋት አይደለም፤ ብዙውን ጊዜ የለቃሚው ችኮላ ነው። በዚሁ ምክንያት ሌላም ነገር መታየት አለበት። ተርቧ የምትኖረው አንዱ ዛፍ ሲበስል ሌላው እንጭጭ ሆኖ ሲጠብቃት ነው። በአንድ ቀበሌ ውስጥ የነበሩት ሾላዎች እየተቆረጡ ሄደው ዛፎቹ ከጥቂት በታች የቀሩ እንደ ሆነ፣ ማረፊያዋ እየራቀ ይሄዳል፤ ተርብ ያልገባበት ፍሬም ሳይበስል ይረግፋል። የገዛ ዛፉን ጠብቆ የጎረቤቱ ሾላ ሲቆረጥ ዝም ያለ ባለ መሬት የራሱን ፍሬ ያሳጣል ማለት ነው። የሾላ እንጨት ደግሞ ለስላሳ ስለ ሆነ እሳት አይዝም፤ ለማገዶም ሆነ ለከሰል ከሌሎቹ እንጨቶች ያነሰ ነው። ስለዚህ ቆራጩ የሚያገኘው ትርፍ ይህን ያህል አይደለም።

የበሰለ ሾላ ምልክቱ ብዙ ነው፤ በአንዱ ብቻ መፍረድ ግን ያሳስታል። ቀለም ከሁሉ ፈጥኖ የሚታይ ሲሆን ከሁሉ ይልቅ የሚያታልልም እርሱ ነው፤ አንዱ ዛፍ ቢጫ ሆኖ ይበስላል፣ ሌላው ብርቱካን መስሎ፣ ሌላውም ቀልቶ። ስለዚህ ቀለሙን ከዚያው ዛፍ ከቀድሞው ፍሬ ጋር ማስተያየት እንጂ ከጎረቤት ዛፍ ጋር ማወዳደር አይገባም። ከቀለም ይልቅ የሚታመነው ልስላሴው ነው፤ በአውራ ጣት ቀስ ብለው ሲጫኑት እሺ የሚል፣ ነገር ግን ውኃ ሆኖ የማይዘረጠጥ መሆን አለበት። ቀጥሎም አንጓው ይታያል፤ የበሰለው በጥቂቱ ሲያጣምሙት ይለቅቃል፣ ከተለቀቀበትም ቦታ ወተት አያፈስስም ወይም ጥቂት ብቻ ይታያል፤ ወተቱ ወርዶ እጅን የሚያጣብቅ ከሆነ ፍሬው እንጭጭ ነውና ቀሪውን ለመተው ይበቃል። ከዚያም በዓይኑ አጠገብ ተርቦቹ የወጡባት ቀዳዳ መኖሯን መመልከት ነው፤ ቀዳዳዋ ከሌለች ሴቶቹ ገና በውስጥ ናቸው።

ቀዳዳዋ ካለች በኋላ ግን መዘግየት አይገባም። ተርቦቹ በወጡበት መንገድ ጉንዳንና ጥንዚዛ ይገባል፤ ወፍና ጦጣም ይቀድማል፤ ሌሊት ደግሞ የሌሊት ወፍ አለ። ሁለት ሦስት ቀን የዘገየ ሾላ ውስጡ ይኮመጥጣል፤ ሽታውም የጠላ ጥንስስ ይመስላል። መሬት ላይ ወድቆ ያደረውም ለከብት መልካም መኖ ነው፤ ለሰው ግን አይመረጥም። ከዛፉ ሥር ሰሌን ወይም ሸራ ዘርግቶ ቅርንጫፉን ቀስ ብሎ ማነቃነቅ ከሁሉ የቀለለ ዘዴ ነው፤ የበሰለው ይወርዳል፣ እንጭጩ እዚያው ይቀራል። በበትር እየመቱ ማውረድ ሁለቱን ባንድነት ስለሚያመጣ ጉዳቱ ያመዝናል፤ ከግንዱ ላይ ፍሬ የሚያወጡትንም አንጓዎች ያቆስላል።

በገበያ ላይ ያለውን ለመመርመር የሚፈልግ ሰው ከቅርጫቱ አናት ብቻ አንስቶ ማየት የለበትም፤ ሻጭ ሁሉ መልካሙን ከላይ ያደርጋልና። ከላይ፣ ከመካከልና ከታች ጥቂት ጥቂት አንስቶ ለሁለት መክፈል ይገባል። ውስጡ እርጥብና ጣፋጭ ሽታ ያለው ሲሆን መልካም ነው። የሚንቀሳቀስ ነፍሳት የሞላበት ያልደረሰ ነው፤ ጥቁር አቧራ የመሰለ ሻጋታ የያዘ ወይም የሚኮመጥጥ ደግሞ ያለፈበት ነው። ክንፍ የሌላቸው የሞቱ ወንድ ተርቦች በውስጥ መቅረታቸው የማይቀር ስለ ሆነ፣ በጾም ቀን የሚጠነቀቅ ሰው ከፍቶ አራግፎ ቢበላ ለኅሊናው ይመቸዋል።

በምስር አገር ሾላ የሚበስልበት ሌላ ጥበብ ነበረ። በዚያ ያሉት ዛፎች ዱቄቱን የምታመጣውን ተርብ ስለማያገኙ፣ ገበሬዎቹ ጥሬውን ፍሬ በዛፉ ላይ እንዳለ በስለት ይጭሩታል፤ ከጥቂት ቀንም በኋላ ያብጥና ይጣፍጣል። ከ2,300 ዓመት በፊት ግድም የነበረው የግሪክ ሊቅ ቴዎፍራስጦስ ይህን ጽፏል፤ የተጫረውም ፍሬ በአራተኛው ቀን ይበስላል ብሏል። ነቢዩ አሞጽ የእረኝነቱን ነገር ሲናገር የጠቀሰውን የሾላ ሥራ ብዙ ተርጓሚዎች ከዚሁ ከመጫር ጋር ያያይዙታል። ምክንያቱንም የዛሬ ሊቃውንት ደርሰውበታል፤ የቆሰለው ፍሬ ኢትሊን የተባለውን አየር ያወጣል፣ ይህም አየር መብሰልን ያፋጥናል። በጎጃም ግን ተርቧ ሥራዋን ስለምትሠራ ስለት አያስፈልግም። ይህን የሰማ ነጋዴ ከዛፉ የወረደውን እንጭጭ እየጫረ አበስላለሁ ቢል የሚያገኘው የቆሰለ እንጭጭ ነው፤ ጥበቡ የሚሠራው በዛፉ ላይ ላለ ፍሬ ነውና።

ወደ በለስ ሲመጣ ነገሩ በአንድ በኩል ይቀላል፣ በሌላ በኩል ይከብዳል። በየጓሮው የሚተከሉት አብዛኞቹ የበለስ ዓይነቶች ያለ ተርብ ያፈራሉና በውስጣቸው ነፍሳት አይፈለግም። የሚከብደው ግን በለስ ከዛፉ ከወረደ በኋላ የማይበስል መሆኑ ነው። ሙዝ ጥሬው ተቆርጦ በቤት ይበስላል፤ በለስ ግን በተቆረጠበት ሰዓት የነበረውን ጣዕም ይዞ ይቀራል። ቢለሰልስ እንኳ መጠውለጉ ነው እንጂ አይጣፍጥም። መንገድ ሩቅ ነው ብሎ ጠንካራውን የሚያስለቅም ነጋዴ፣ ወይም ለበዓል እጅ መንሻ ይድረስ ብሎ ቀኑን የሚያስቀድም ሹም፣ ገበሬውን የዓመት ድካሙን እንዲጥል ያደርገዋል።

የደረሰ በለስ አንገቱ ይለሰልስና ከቅርንጫፉ ላይ ወደ ታች ያዘነብላል፤ ያልደረሰው ግን ወደ ላይ ወይም ወደ ጎን እንደ ቆመ ነው። ይህ ምልክት ከሩቅ የሚታይ ስለ ሆነ ጓሮውን የሚጎበኝ ባለ መሬት ሳይነካ ሊፈርድ ይችላል። ቆዳው እየሳሳ ሄዶ ቀጫጭን መስመር ይሰነጠቃል፤ ይህ ስንጥቅ ጉድለት ሳይሆን የብስለት ምልክት ነው። ዓይኑ ላይ የማር ጠብታ የመሰለ ወዝ ቢታይ ፍሬው ከሁሉ የጣፈጠ ነው፤ ግን በዚያው ቀን መበላት አለበት። ጥልቅ ሆኖ የተከፈተ፣ ከዓይኑም የሚያረፋ ፍሬ መኮምጠጥ ጀምሯል። በክረምት፣ ይልቁንም በሐምሌና በነሐሴ ዝናብ፣ በመብሰል ላይ ያለ በለስ ውኃ ጠጥቶ ይፈነዳል፤ ከዝናብ በኋላ የተለቀመ ፍሬ ትልቅ ቢመስልም ጣዕሙ የሳሳ ነው።

አለቃቀሙ በማለዳ ነው። ፍሬው ከነአንጓው በቢላዋ ይቆረጣል፤ ቢጎተት አንገቱ ይቀደድና ሻጋታ ይገባበታል። የእንጭጩ ወተት ቆዳ ያሳክካል፣ ፀሐይ ሲያርፍበትም ያቆስላል፤ ስለዚህ ለቃሚው እጁን ይሸፍን፣ ዓይኑንም አይንካ። በጆንያ መጫን ከቶ አይገባም። በአዊ በኩል ቀርከሃ ስለሚገኝ ጥልቀት የሌለው የቀርከሃ ቅርጫት ማሠራት ይቻላል፤ ከሥሩ ቅጠል ተነጥፎ ፍሬው አንድ ድርብ፣ ቢበዛ ሁለት ድርብ ብቻ ይደረደራል። እንደዚህ ሆኖ እንኳ በጥላ ውስጥ የሚቆየው ሁለት ወይም ሦስት ቀን ያህል ነው፤ በማቀዝቀዣ ቤት ግን አንድ ሳምንት ወይም ጥቂት ይበልጥ ይቆያል። ስለዚህ ከፍኖተ ሰላም ወደ ባሕር ዳር ወይም ወደ አዲስ አበባ የሚልክ ሰው መኪናውን ሳያገኝ መልቀም የለበትም።

የማይሸጠው ቢደርቅ ይሻላል። ለማድረቅ ግን የተረፈው ሁሉ አይሆንም፤ በዛፉ ላይ እስኪጨማደድ የቆየ ሙሉ ብስል ያስፈልጋል። ከመሬት ከፍ ባለ ቆጥ ላይ በሰሌን ተሰጥቶ፣ ሌሊት እየተሸፈነ፣ በየቀኑ እየተገላበጠ፣ ሲጨምቁት ውኃ የማይወጣው ሆኖ ሳለ ሲያጥፉት ግን የማይሰበር ሲሆን ይነሣል። በደንብ ሳይደርቅ የተከማቸ በለስ የሚይዘው ሻጋታ አፍላቶክሲን የተባለውን መርዝ ሊያወጣ ስለሚችል፣ የሻገተውን ጠርጎ መሸጥ በሰው ጤና ላይ መጫወት ነው።

የፍሬ ምርጫ የመጨረሻው ጥቅም ለተክል ነው። በለስም ሾላም ከፍሬው ዘር ሲበቅሉ እናታቸውን ላይመስሉ ይችላሉ፤ ከቅርንጫፍ ቁራጭ የበቀለ ግን እናቱን ይመስላል። ስለዚህ ፍሬውን በሚገባ የመረጠ ሰው ዛፉንም መረጠ ማለት ነው። በበለስ በኩል አንድ ነገር ሳይጠየቅ መግዛት ያስከስሳል። በካሊፎርንያ የነበሩ አትክልተኞች በ19ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ከሰምርኔስ፣ ዛሬ ኢዝሚር ከምትባለው ከቱርክ ከተማ፣ ስመ ጥር የሆነውን የበለስ ቁራጭ አስመጥተው ተከሉ። ዛፉ አማረ፤ ፍሬው ግን በየዓመቱ ሳይበስል ረገፈ። የሰምርኔስ በለስ የተርብ ዱቄት የሚያስፈልገው ዓይነት መሆኑ ከታወቀ በኋላ፣ በ1899 በፈረንጆች አቈጣጠር ተርቧ ከነማደሪያዋ ዛፍ ተሰድዳ ለምዳ፣ ፍሬው መብሰል ጀመረ። ስለዚህ ችግኝ የሚያስመጣ ሁሉ «ያለ ተርብ ያፈራልን?» ብሎ መጠየቅ አለበት፤ አዎን የማይል ሻጭ ቢተው ይሻላል።

ፍሬው መልካም ሆኖ የተገኘ ዛፍ በበሰለበት ሳምንት በኖራ ቢቀለም፣ ሥፍራውም በቀበሌው መዝገብ ቢጻፍ፣ መንገድ ሲሠፋ ወይም እርሻ ሲገፋ ቆራጩ ሳያውቅ አይነካውም፤ ቁራጭ የሚፈልግም ሰው ቅጠሉ በረገፈ ጊዜ ከየትኛው እንደሚወስድ ያውቃል። የበለስ ቁራጭ ከ20 እስከ 30 ሳንቲሜትር ሆኖ በበጋው መጨረሻ በመደብ ይተከላል፤ ሥር ሰድዶ ሰኔ ላይ ዝናቡ ሲጠና ወደ ቦታው ይዛወራል፤ በዛፍና በዛፍ መካከል 5 ወይም 6 ሜትር ይተዋል። ሾላ ግን ከዚህ የወፈረ፣ የክንድ ውፍረት ያለው፣ ቁመቱ 2 ሜትር ያህል የሆነ ቁራጭ በወንዝ ዳር ቢተከልና ከከብት ቢታጠር ይበቅላል። የሚቆረጠውም ኖራ ከተቀባው ዛፍ ነው።